ሕግ እንጂ ንጉሥ ያልነበራት ደሴት

የሰው ነፃነት የሚጠበቀው ሥልጣኑ በተገደበ መንግሥት ነው ወይስ መንግሥት ጨርሶ በሌለበት አገር? አሜሪካዊው ፈላስፋ ሮበርት ኖዚክ በ1974 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ከሌባና ከነፍሰ ገዳይ ከመጠበቅ፣ ውልንም ከማስከበር ያለፈ ሥራ የሌለው ትንሽ መንግሥት ተገቢ ነው ብሎ ተከራከረ። የአገሩ ልጅ ማሪ ሮትባርድ በበኩሉ፣ ትንሹም መንግሥት ቢሆን የሚኖረው የሰውን ገንዘብ በግድ ወስዶ ስለሆነ ሊኖር አይገባም ባይ ነበር። እንዲህ ያለ ክርክር በሐሳብ ብቻ ሲካሄድ መቋጫ አይገኝለትም። በ1979 ግን ኢኮኖሚስቱ ዴቪድ ፍሪድማን ከታሪክ አንድ ምስክር ጠራ። ምስክሩ ከ300 ዓመት በላይ ያለ ንጉሥ፣ ያለ ጦር ሠራዊትና ያለ ዘብ በሕግ ብቻ የኖረው የአይስላንድ ሕዝብ ነው።

ስለዚህች ደሴት ብዙዎቻችን የምናውቀው ሁለት ነገር ነው፤ ቫይኪንጎች እንደ ሰፈሩባትና ዛሬም የሚሠራው ሸንጎዋ በዓለም ካሉት እጅግ አሮጌ ከሚባሉት አንዱ መሆኑን። ነፃነቷ እንዴት እንደተሠራና በማን እጅ እንደፈረሰ ግን ብዙ አይነገርም፤ የጥያቄው መልስ ያለው ደግሞ እዚያ ውስጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ870ዎቹ እስከ 930፦ ከዘውድ የራቁ ሰዎች

ትውፊቱ እንደሚለው ኢንጎልፍ አርናርሶን የተባለ ኖርዌጂያዊ በ874 ዛሬ ሬይኪያቪክ በቆመችበት ዳርቻ ቤቱን ሠራ። ከዚያ በኋላ በነበሩት 60 ዓመታት ለኑሮ የሚሆነው መሬት ሁሉ ተይዞ አለቀ። ሰፋሪዎቹ የመጡት ከኖርዌይ፣ እንዲሁም ኖርዌጂያኖች ቀድመው ከሰፈሩባቸው የስኮትላንድና የአየርላንድ ዳርቻዎች ነው። የልጅ ልጆቻቸው በኋላ በጻፉት ታሪክ፣ አባቶቻችን የተሰደዱት ኖርዌይን በአንድ ዘውድ ሥር የጠቀለለውን ንጉሥ ሃራልድን አንገዛም ብለው ነው ይላሉ። መሬት ፍለጋ ብቻ የመጣውም ብዙ እንደነበር ጥርጥር የለውም። ሆኖም ሕዝብ ስለ አባቶቹ የሚያወራው ነገር የሚያቆመውን ሥርዓት ይቀርጸዋል፤ አይስላንዳውያንም አገር ሲያቆሙ ለንጉሥ የሚሆን ወንበር አላዘጋጁም። ከሰፋሪዎቹ ጋር ከአየርላንድና ከስኮትላንድ የተማረኩ ባሪያዎችም መጥተዋል። እነዚህ ከማንም ንጉሥ አልሸሹም፤ ታስረው ነው የመጡት።

ሕግ ያስፈለገው መሬቱ ተይዞ ሲያልቅና ጎረቤት ከጎረቤት በድንበር መጋፋት ሲጀምር ነው። ኡልፍሊዮት የተባለ ሰው ወደ ኖርዌይ ተልኮ የዚያን አገር ሕግ አጥንቶ ተመለሰ፤ አብሮ አደጉ ግሪም ደግሞ ለጠቅላላ ሸንጎ የሚሆን ቦታ ሲፈልግ አገሩን ዞረ። በ1120ዎቹ የሕዝቡን ታሪክ የጻፈው ካህኑ አሪ ቶርጊልሶን ቦታው እንዴት እንደተገኘ ይነግረናል። የመሬቱ ባለቤት ኮል የሚባል ባሪያ ገድሎ ተፈረደበት፤ መሬቱም ተወርሶ የሕዝብ ሁሉ ሆነ። ቲንግቬሊር የሚባለው ሜዳ ይህ ነው። በ930 አልቲንግ የተባለው ሸንጎ እዚያ ተቀመጠ፤ ከየአቅጣጫው በፈረስ ለሚመጣው ሕዝብም ማገዶውና ግጦሹ የጋራ ሆነለት።

ከ930 እስከ 965፦ ዳኛ አለ፣ አስፈጻሚ የለም

ሸንጎው በየዓመቱ በሰኔ ወር ሁለት ሳምንት ያህል ይቀመጥ ነበር። ሰብሳቢው ሕግ ነጋሪ ይባላል። በሦስት ዓመት የሥራ ዘመኑ ከሕጉ አንድ ሦስተኛውን በየበጋው ከዓለት ላይ ቆሞ በቃሉ ያወጣዋል፤ ያኔ ሕጉ አልተጻፈም፣ የሚኖረው በሰዎች ጭንቅላት ነው። በአገሩ ሁሉ ደመወዝ የሚቆረጥለት ሹም እሱ ብቻ ነበር። ሕግ የሚያወጡትና ዳኞችን የሚሰይሙት ጎዲ የሚባሉት አለቆች ናቸው፤ ቁጥራቸው በመጀመሪያ 36፣ ኋላ 39 ሆነ።

የጎዲ ሥልጣን እንደ ማንኛውም ንብረት ይወረሳል፣ ይሸጣል፣ ይከፈላል፣ በውሰትም ይሰጣል። ክልል ግን የለውም። ገበሬው የሚኖርበት መሬት የጎዲው አይደለም፤ ገበሬው ራሱ ጎዲውን ይመርጣል፣ ካልተስማማው በዓመት አንድ ጊዜ በይፋ ለቅቆ ሌላ ጎዲ ዘንድ ይገባል። እኔ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ከሁሉ የሚበልጥ ነገር የምለው ይህን ነው። አለቃው ተከታዩን እንዳያጣ የተከታዩን አቤቱታ መስማት ነበረበት፤ ጉልበተኛ ጎዲ ጎረቤቱን ቢያስጨንቅ ጎረቤቱ በሩን ሳይቀይር አለቃውን ይቀይራል።

ሰው ተገደለ እንበል። መርማሪ የለም፣ ዐቃቤ ሕግም የለም። የሟች ወገን ከሳሽ ሆኖ ምስክር ይቆጥራል፣ ጎረቤቶችን ይጠራል፣ ነገሩን ሸንጎ ያቀርባል። ነገሩ በሽምግልና ካላለቀ ዳኞች ይፈርዳሉ፤ ወይ የደም ዋጋ፣ ወይ ለሦስት ዓመት ከአገር መውጣት፣ ወይም የመጨረሻውን ቅጣት። የመጨረሻው የተፈረደበት ሰው ንብረቱ ይወረሳል፤ መጠለያም ምግብም የሚሰጠው ይቀጣል፤ የገደለው አይጠየቅም፣ ደሙ ደመ ከልብ ነው። ፍርዱን የሚያስፈጽመው ግን ከሳሹ ራሱ ነበር። ወዳጅ ዘመዱን፣ ጎዲውንም አስከትሎ ወደ ተፈረደበት ሰው ቤት ይሄዳል። ፍሪድማን የወደደው ብልሃት ያለው እዚህ ጋ ነው፤ አቅም የሌለው ሰው ክሱን ለጉልበታም ሰው አሳልፎ መስጠት ይችላል፤ የተረከበውም እንደ ራሱ ነገር ተሟግቶ ካሳውን ይቀበላል። ስለዚህ የድሃው ደም በነፃ የሚፈስ አልነበረም።

ይህ እውነት ነው፤ ዋጋም ነበረው። ክስህን የሚረከብህ ኃይለኛ ሰው ውለታውን በከንቱ አይተወውም። ብዙ ጊዜ ርስት ያስከፍላል።

965፦ የመጀመሪያው ስንጥቅ

በቦርጋርፊዮርድ አንድ ገበሬ ከነቤቱ ተቃጥሎ ሞተ። ቶርድ ጌሊር የተባለ ከሌላ አውራጃ የመጣ አለቃ ለሟች ወገን ቆመ። የዘመኑ ሕግ የግድያ ክስ የሚሰማው ግድያው በተፈጸመበት አቅራቢያ ባለ ሸንጎ ነው ይል ነበር፤ ያ ሸንጎ ደግሞ ከተከሳሾቹ ጋር የወገነው የቱንጉ ኦድ አገር ነው። ቶርድ ሄደ፣ በሸንጎው ላይ ሰይፍ ተመዘዘ፣ ችሎቱ ሳይቀመጥ ተበተነ። ነገሩ ወደ አልቲንግ ቢመጣም እዚያም ሰው ሞተ፤ በመጨረሻ ዋናው ተከሳሽ ተፈርዶበት ተገደለ።

ከዚህ በኋላ ቶርድ በሕግ ዓለት ላይ ቆሞ፣ ሰው በባላንጣው ደጅ ፍትሕ ሊለምን መሄዱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ተናገረ። ሸንጎውም ሰማው። አገሩ በአራት ተከፈለ፤ እያንዳንዱ ሩብ በአልቲንግ የራሱ ችሎት ቆመለት። በ1005 ገደማ ደግሞ እነዚህ ችሎቶች ሊስማሙበት ያልቻሉትን ነገር በድምፅ ብልጫ የሚቆርጥ አምስተኛ ችሎት ተጨመረ። አይስላንዳውያን ሥርዓታቸው ሲሰነጠቅ ቁጭ ብለው አላዩትም፣ አሻሻሉት። አንድ ነገር ግን ሆነ ብለው ሳይጨምሩ ቀሩ፤ ፍርዱን የሚያስፈጽም የጋራ ክንድ።

1000፦ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ከካባ ሥር

የኖርዌይ ንጉሥ ኦላፍ ትሪግቫሶን በአገሩ የተገኙ የታላላቅ አይስላንዳውያንን ልጆች በመያዣነት ያዘና አይስላንድ ክርስትናን እንድትቀበል አስገደደ። በ1000 ክርስቲያኖቹና የጥንቱን አማልክት የሚያመልኩት በአልቲንግ ፊት ለፊት ተፋጠጡ፤ ሁለቱም ወገን ከሌላው ጋር በአንድ ሕግ አንኖርም ብሎ ተገዘተ። ክርስቲያኖቹ ለራሳቸው የመረጡት ሕግ ነጋሪ ነገሩን መልሶ ለቶርጌይር፣ ለአሮጌው እምነት ሰው፣ ሰጠው። ቶርጌይር ወደ ዳሱ ገብቶ ካባውን ከራሱ እስከ እግሩ ተከናንቦ ያን ቀንና ሌሊቱን ሙሉ ቃል ሳይወጣው ተኛ። በማግሥቱ ሕዝቡን ሰብስቦ፣ ሕጋችንን ከሁለት ከቀደድነው ሰላማችንንም ቀደድነው ማለት ነው አለ። ሁሉም ይጠመቅ፤ የፈረስ ሥጋ መብላትና በስውር መሠዋት ግን ይፈቀድ ብሎ ፈረደ። ባልንጀሮቹ የጠበቁት ይህን አልነበረም፤ ቢሆንም ፍርዱን ተቀበሉት።

ያ ቀን የዚህ ሥርዓት የክብሩ ጫፍ ነበር እላለሁ። የታጠቁ ሰዎች ጦር በሌለው ሰው ቃል ብቻ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በሌላ በኩል፣ የኖርዌይ ንጉሥ ልጆቻቸውን ይዞ የሚፈልገውን ማግኘት እንደሚችል ያወቀው ያን ቀን ነው።

ከ1097 እስከ 1200፦ አሥራትና ሀብት

እስከዚህ ዘመን ድረስ ገበሬው ወደ ሸንጎ ለሚሄዱት ከሚያዋጣው በቀር ግብር አያውቅም። በ1097 በጳጳስ ጊዙር ኢስሌይፍሶን መሪነት አሥራት ታወጀ። ሸንጎው ያለ ግድያና ያለ ጠብ ተቀበለው፤ አሪ ይህን የጻፈው በአድናቆት ነው። ጳጳሱ ለሸንጎ መዋጮ የሚከፍሉትን ገበሬዎችም አስቆጠረ፤ 4,560 ሆኑ። የጎዲ ምርጫና የሕግ ክርክር የእነዚህ ነው። ሴቶች፣ ሎሌዎች፣ ድሆች ከቁጥሩ ውጪ ናቸው።

አሥራቱ ከንብረት በዓመት አንድ በመቶ ነበር፤ ለጳጳሱ፣ ለካህኑ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ሕንጻና ለድሆች ተብሎ ከአራት ይከፈላል። የድሆቹ ድርሻ ቢያንስ 20 ገበሬዎች በሚያቆሙት የአካባቢ ማኅበር በኩል ያልፍ ነበር፤ ይኸው ማኅበር ቤቱ የተቃጠለበትንና ከብቱ በበሽታ ያለቀበትን ሰው ይክስ ነበር። መንግሥት ሳይኖር ሰው ለሰው የሚደርስበትን እንዲህ ያለ ሥርዓት ማቆማቸው ያኮራል። የካህኑና የሕንጻው ድርሻ ግን የገባው በአብዛኛው ቤተ ክርስቲያኑን በገዛ መሬቱ ላይ ላሠራው አለቃ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ መሬት ደግሞ አሥራት አይከፍልም። ስለዚህ በየዓመቱ፣ ገበሬው ጎዲውን ቢቀይርም ባይቀይርም፣ ወደ ጥቂት ቤቶች የሚፈስ ገቢ ተፈጠረ። ከዚያ በፊት አለቃው የሚኖረው ከተከታዮቹ ፈቃድ ነበር። አሁን ያለ ፈቃዳቸው የሚኖርበት አገኘ።

ለውጡ ወዲያው አልታየም። በ1117 ሕጉ እንዲጻፍ ተወሰነ፤ በቀጣዩ ክረምት በሃፍሊዲ ማውሶን ቤት ተጻፈ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ይኸው ሃፍሊዲ በአልቲንግ ጣቱን ተቆረጠ፤ ቆራጩ ቶርጊልስ ኦዳሶን ነበር። በ1121 ሁለቱ በመቶዎች የሚቆጠር ጭፍራ አስከትለው ወደ ሸንጎ መጡ። ደም ሊፋሰሱ ሲሉ ካህናት መካከል ገቡ፤ ከእነሱም አንዱ፣ በጠብ አንድ ዓይኑን አጥቶ ጠላቱን ይቅር ያለ ኬቲል የተባለ ካህን፣ ሃፍሊዲን በገዛ ታሪኩ ለመነው። ነገሩ በከባድ ካሳ አለቀ። በሁለቱ መካከል የሚቆም ሦስተኛ ወገን፣ የማንም ተከታይ ያልሆነ ብዙ ሰው ስለነበረ እርቁ ሊሠራ ቻለ።

በሚቀጥሉት ሰማንያ ዓመታት ግን ያ ሦስተኛ ወገን ቀለጠ። ጎዲነት ስለሚሸጥ ሀብት ያለው ገዛው፤ ስለሚወረስ በጋብቻ ተጠራቀመ። 39ኙ ሥልጣን ወደ ስድስት ያህል ታላላቅ ቤተሰቦች እጅ ገባ፤ ሙሉ አውራጃዎችም በአንድ ሰው ሥር ሆኑ። አንድ ሰው ስንት ጎዲነት መያዝ እንደሚችል የሚወስን ሕግ አልነበረም። ገበሬው ጎዲ የመቀየር መብቱ በሕጉ ላይ እንደተጻፈ ነው፤ የሚሄድበት ሌላ ጎዲ ግን በአቅራቢያው የለም። በእኔ ግምት የአይስላንድ ነፃነት የሞተው በዚህ ጊዜ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ቀብሩ ነው።

ከ1220 እስከ 1262፦ የስቱርሉንጎች ዘመን

የኖርዌይ ንጉሥ ሐኮን ደሴቲቱን በጦር አልወረረም፤ መውረርም አላስፈለገውም። ታላላቆቹን አለቆች እየጋበዘ፣ ማዕረግ እየሰጠ፣ የራሱ ሎሌዎች አደረጋቸው። ከእነዚህ አንዱ ስቱርሉንጎች ከሚባለው ታላቅ ቤተሰብ የተወለደው፣ ሁለት ጊዜ ሕግ ነጋሪ የሆነው፣ የኖርዌይን ነገሥታት ታሪክ የጻፈው ስኖሪ ስቱርሉሶን ነው። በ1220 ከኖርዌይ የተመለሰው አገሩን ለንጉሡ ለማስገዛት ቃል ገብቶ ነበር፤ ቃሉን ግን አልፈጸመውም። የወንድሙ ልጅ ስቱርላ ያንኑ ተልእኮ ተቀብሎ በጉልበት ሊፈጽመው ተነሣ፤ በ1238 በኦርሊግስታዲር ጦርነት ከአባቱ ጋር ወደቀ። ስኖሪን በመስከረም 1241 በሌሊት በሬይክሆልት ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ያስገደለው፣ የንጉሡን ደብዳቤ ይዞ የመጣው የቀድሞ አማቹ ጊዙር ቶርቫልድሶን ነው።

ጊዙር በ1253 ደሙን ሊያደርቅ ፈለገ። ልጁን ሃልን ከስቱርሉንጎች ወገን ለሆነች ለ13 ዓመቷ ኢንጊቢዮርግ ዳረው፤ ሠርጉ በፍሉጉሚሪ ተደገሰ። እንግዶቹ ከተበተኑ በኋላ በጥቅምት 22 ሌሊት ደመኞቹ መጥተው ቤቱን በእሳት ለኮሱት። የጊዙር ሚስት ግሮአና ሦስት ወንዶች ልጆቹ አለቁ። ጊዙር ልብሱን ጥሎ ወደ ጓዳ ገባ፤ የጎመዘዘ አጓት በሞላ ጋን ውስጥ ተነከረ። ፈላጊዎቹ ጓዳውን ሲያስሱ ጦራቸውን ወደ ጋኑ ውስጥ ሰደዱ፤ እሱም እጆቹን ሆዱ ላይ አድርጎ ጦሩ ሲመጣ ቀስ እያለ ወደ ጎን ይገፋው ነበር፤ ድምፅ አላሰማም። እጁና ቅልጥሙ ቆስሎ ተረፈ። ይህን ሁሉ የጻፈው የሙሽሪት አባት ስቱርላ ቶርዳርሶን ነው። ልጁ ከእሳቱ በሕይወት ወጥታለች።

እንዲህ ባለ ሌሊት ሸንጎ ምን ይሠራል? ፍርድ የሚያስፈጽመው ከሳሹ ከሆነ፣ ከሳሹም ተከሳሹም የየራሳቸው ጦር ካላቸው፣ ችሎት የጦር ሜዳ መዳረሻ ብቻ ይሆናል። ገበሬው ለማን እንደሚዋጋ ሳይጠየቅ ከእርሻው ተነቅሎ ይዘምታል፤ ከብቱ ይታረዳል። መጨረሻ ላይ ሕዝቡ የሰለቸው ነፃነት አልነበረም። የሰለቸው ብዙ ትንንሽ ንጉሦች ነበሩ።

ጎዲነት የግል ንብረት መሆኑ በመጨረሻ ለንጉሡ ጠቀመው። የሚሸጥና የሚሰጥ ነገር ለንጉሥም ይሰጣል። ስኖሪ ሲሞት ሐኮን የሎሌዬ ንብረት ነው ብሎ ጎዲነቶቹን ለራሱ ጠየቀ፤ ሌሎችም በየተራ አስረከቡት። ሐኮን በ1247 ዘውድ ሲጭን የሮማው ጳጳስ እንደራሴ ካርዲናል ዊልያም፣ አይስላንድ እንደ ሌላው ዓለም ለንጉሥ አለመገዛቷ የማይመስል ነገር ነው ብሎ ነበር። በ1258 ጊዙር የንጉሡ መስፍን ተሾመ። በ1262 አልቲንግ ታማኝነቱን ማለ፤ በ1264 የቀሩት አውራጃዎች ጨመሩ። በስምምነቱ እያንዳንዱ ባለ መዋጮ ገበሬ በዓመት 20 ክንድ የሱፍ ጨርቅ ይገብራል፤ ንጉሡም ሰላምን፣ የአይስላንድን ሕግና የሚመጡ የንግድ መርከቦችን ያረጋግጣል።

ከ1271 እስከ 1281፦ የንጉሥ ሕግ

ሐኮን በ1263 ሞተ። ልጁ ማግኑስ የጎዲዎችን ሥርዓት ሽሮ አዲስ ሕግ ላከ፤ የመጀመሪያው በ1271 መጣ፣ ሁለተኛውና ጸንቶ የኖረው በ1281። ግድያ ከእንግዲህ በንጉሥ ላይ የተፈጸመ ወንጀል ነው፤ ደም መመለስ ቀረ፤ የንጉሥ ሹም ይይዛል፣ ይቀጣል። ደመኛ ለነበረበት ድሃ ይህ እፎይታ ነበር፤ ይህን የማይመሰክር ሰው ስለዚያ ዘመን ፍትሐዊ አይደለም።

ገበሬዎቹ ግን አዲሱን መጽሐፍ ዝም ብለው አልተቀበሉም። በ1281 አልቲንግ አንዳንድ አንቀጾቹን እየጠቀሱ ተቃወሙ። የንጉሡ መልእክተኛ ሎዲን ተቆጣ፤ ሕግ ማውጣት የንጉሥ ብቻ ሲሆን እናንተ ባላገሮች ሕግ አውጪ ነን ብላችሁ ልባችሁን አሳበጣችሁ ብሎ ዘለፋቸው። ገበሬዎቹ በበኩላቸው ሎሌዎች አለመሆናቸውን ለማሳየት ቆርጠው ነበር። 350 ዓመት የተማሩትን በአንድ ቀን አልረሱትም።

ከ1602 እስከ 1920፦ ጠባቂውን ማን ይጠብቀው

ዘውዱ በጋብቻና በውርስ ከኖርዌይ ወደ ዴንማርክ አለፈ። በ1602 የዴንማርክ ንጉሥ የአይስላንድን ንግድ ለተመረጡ ነጋዴዎች ብቻ ሰጠ፤ ይህ እስከ 1787 ቆየ። እያንዳንዱ ሰፈር ዓሣውን ለተመደበለት ነጋዴ፣ በተመደበለት ዋጋ መሸጥ ነበረበት። በ1662 በኮፓቮጉር የንጉሡ ሹም ወታደሮቹን አሰልፎ አለቆቹንና ጳጳሱን ለፍጹም ንጉሣዊ ሥልጣን አስማላቸው። በ1699 ሆልምፋስቱር የተባለ ድሃ ገበሬ ከራሱ ወረዳ ወጥቶ ጥቂት ዓሣ ለሌላ ነጋዴ በመሸጡ በእንጨት ላይ ታስሮ ተገረፈ። በጎዲዎች ዘመን ፍርድን የሚያስፈጽም ክንድ ጠፍቶ ሰው ተጎዳ፤ አሁን ክንዱ መጣ፤ የሚይዘው ግን የለም። መንግሥት ከመኖሩም ካለመኖሩም ይልቅ፣ ሰው ሥልጣንን ትቶ መሄድ ወይም ማስቆም መቻሉ የሚያድነው መሆኑን ከ1253ቱ እሳትና ከ1699ኙ ጅራፍ ባንድነት አያለሁ።

በ1800 አልቲንግ ተዘጋ። በ1845 አማካሪ ሸንጎ ሆኖ ተከፈተ፤ የአዲሱ ትግል መሪ ዮን ሲጉርድሶን የተባለ ምሁር ነበር። በ1848 የዴንማርክ ንጉሥ ፍጹም ሥልጣኑን ሲተው፣ ዮን የ1262ቱን ስምምነት አነሣ። አባቶቻችን የተስማሙት ከንጉሡ ጋር እንጂ ከዴንማርክ ሕዝብ ጋር አይደለም፤ ንጉሡ ሥልጣኑን ከተወ የሚመለሰው ወደ እኛ ነው አለ። ነፃነቱ የተሸጠበት ወረቀት በእሱ እጅ የሥልጣን ወሰን ማስረጃ ሆነ። በ1851 የንጉሡ እንደራሴ ጉባኤውን በድንገት ሲበትን ዮንና ባልደረቦቹ ቆመው ተቃወሙ። በ1874 ሕገ መንግሥት መጣ፣ ሸንጎውም ሕግ የማውጣት ሥልጣን አገኘ፤ በ1904 የአይስላንድ ጉዳይ ሚኒስትር በአገሩ ተቀምጦ ለሸንጎው ተጠያቂ ሆነ።

ጳጳስ ጊዙር ያላስቆጠራቸው ሰዎች ተራቸው የመጣው በ1915 ነው፤ ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆነ ሴቶችና ሎሌዎች ለአልቲንግ የመምረጥ መብት አገኙ። የ40 ዓመቱ ገደብ በ1920 ተነሣ።